ለእማዬ 70ኛ ልደት ክፍል ለመረጠችልን የሆቴል ሠራተኛ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አይለቀኝም። እማዬ 70 ዓመት ሞላት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታስተናግድ የኖረች ሴት ናት። ለልደቷ አንድ ሌሊት እንኳ እሷ ትስተናገድ ብለን ከተማ መሃል ጥሩ ሆቴል መፈለግ ጀመርን። ሀሳቡ ቀላል ነበር። ፍለጋው ግን አንጀቴን አሳረረው።

የሆቴሎቹን ስም አልጠራም፤ በሰው እንጀራ አልገባም። አንዱ ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ። "ቦታ ለማስያዝ 1ን ይጫኑ።" ተጫንኩ። እንደገና ሙዚቃ። በስንት መከራ ያነሳችው ልጅ የነበራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "የትኛውን የክፍል ደረጃ ነው የሚፈልጉት?" እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሻወሩ ምን ዓይነት ነው ብላት "ሁሉም ክፍሎቻችን ዘመናዊ ናቸው" አለችኝ። ጉልበቷ ግን ዘመናዊ አይደለም፣ እህቴ!

የሌላው ድረ ገጽ ደግሞ በቀይ ቀለም "አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል" ይላል። በማግስቱም አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል። ከርሜ ስመለስም ያው። ያ ክፍል እስከ ዛሬ ሰው እየጠበቀ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ጥርጣሬ የበዛብኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የታላቅ እህቴ 50ኛ ልደት ላይ የደረሰብንን አልረሳውም። "የከተማ እይታ ያለው" ተብሎ የተከፈለበት ክፍል መጋረጃው ሲገለጥ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ሆኖ አረፈው። ግድግዳውም ከተማ ውስጥ ነው ያለው፣ ምን ይባላል! ከታች አዳራሹ ውስጥ ሰርግ ነበር። ድምፅ ማጉያው ሲመታ አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል። በስልክ ስናመለክት "በጣም ይቅርታ፣ እንረዳዎታለን" እንባላለን። ከመረዳት ያለፈ ነገር ግን አልመጣም። ጠዋት ልትወጣ ስትል ካርዷ ላይ ማንም ያልነገራት ገንዘብ ተይዟል። መያዣ ነው፣ በኋላ ይለቀቃል ተባለ። አሠራሩ እስካሁን አልገባኝም። እህቴ ያን ጠዋት የተናገረችውን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ የእማዬ ተራ ሲደርስ ፈርቼ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው መላ ያለኝ። "ኮከብ አትቁጠሪ። ኮቱ ላይ ሁለት የተጣመሩ የወርቅ ቁልፎች ያሉት ሰው የሚሠራበት ሆቴል ፈልጊና እሱን አናግሪ" አለኝ። ለካ ቁልፎቹ ጌጥ አይደሉም። ሌ ክሌ ዶር የሚባል የኮንሲየርዦች ማህበር ምልክት ናቸው። ማህበሩ እ.ኤ.አ. በ1929 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ አባላቱ በብዙ አገር አሉ። ኮንሲየርዥ ማለት ክፍል የሚሸጥ ሰው አይደለም። እንግዳው የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያሳካለት ሰው ነው።

ደወልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ያለበት ሆቴል ነው፤ ስልኩ ሲዞር ቆየና ኮንሲየርዧ፣ አንዲት ሴት፣ አነሳች። ስለ ክፍል ደረጃ አልጠየቀችኝም። ስለ ዋጋም አልጠየቀችኝም። "እስኪ ስለ እናትዎ ይንገሩኝ" ነው ያለችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። ከዚያ ጥያቄዎቿ ተከታተሉ። ደረጃ ትወጣለች ወይ? ሌሊት ትነሳለች? እንቅልፏ ቀላል ነው? አብሯት የሚያድር አለ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ገረመኝ፤ "ሰው ሲያጨበጭብላት ደስ ይላታል ወይስ ታፍራለች?" ታፍራለች አልኳት። ከስልኩ ወዲያ ስትጽፍ ይሰማኛል።

እኔ ላይኛው ፎቅ ያለውን ትልቁን ስዊት ነበር ያሰብኩት። 70 ዓመት ነዋ! እሷ ግን "እንዳትይዙት" አለች። የራሷን ሆቴል ውድ ክፍል እንዳልገዛ ስትመክረኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ትንሽ ቆይታ ፎቶ ላከችልኝ። የስዊቱ መታጠቢያ ቤት ነው። የሚያምር እብነ በረድ፣ የሚያምር ገንዳ። ከገንዳው ሥር የራሷን ጥቁር ጫማ አቁማለች። የገንዳው ጠርዝ ከጫማው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሻወሩ ያለው ገንዳው ውስጥ ነው። "እናትዎ ይህን መሻገር አለባት። በእርጥብ እግር ደግሞ ተመልሳ መውጣት አለባት" ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ ሁለተኛ ፎቶ ላከች። ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ክፍል። ሻወሩ ከወለሉ ጋር እኩል ነው፣ መያዣ ብረት አለው፣ የጫማዋም ጫፍ እንደ ልቡ ገብቷል።

እንዲህ ዓይነት ነገር የትኛው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል?

በዚህ አላበቃችም። ልደቷ ቅዳሜ ነበር የሚውለው። "ቅዳሜ አዳራሻችን ሰርግ አለ፤ እሁድ ማታ ብታደርጉት ቤቱ ጸጥ ይላል" አለች። በእህቴ የደረሰውን አልነገርኳትም እኮ! እንዲሁ ከራሷ ነው። ክፍሉም ከሊፍቱ ብዙ እንዳይርቅ፣ ግን ከሊፍቱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ አደረገች። ከጎን ክፍል ጋር የሚያገናኝ የውስጥ በር እንዳይኖረውም አየች፤ ድምፅ በዚያ በኩል ያልፋል አለችኝ። እኔ እንደዚህ ዓይነት በር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ስለ ኮከብ ጠየቅኳት፤ ባልደረባዬ ያለኝ ከንክኖኝ። ለመላው ዓለም የሚሠራ አንድ የኮከብ መለኪያ እንደሌለ፣ መለኪያው ከአገር አገር እንደሚለያይ ነገረችኝ። ዱባይ ያለው ቡርጅ አል አረብ "ባለ ሰባት ኮከብ" ሲባል እሰማ ነበር። ለካ ሰባት ኮከብ የሚባል ይፋዊ ደረጃ የለም። ለምግብ ቤቶች ኮከብ በመስጠት የሚታወቀው የፈረንሳዩ ሚሽላንም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለሆቴሎች "ቁልፍ" የሚል ማዕረግ ይሰጣል፤ ያ ለሆቴሉ ነው፣ ኮት ላይ ያለው ግን ለሰውየው ወይም ለሴትየዋ። እንዳይምታታባችሁ።

የደረስን ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ሎቢው ውስጥ እንግዳ ሁሉ ባንኮኒው ፊት ቆሞ ይመዘገባል። እማዬን ግን አንድ ወጣት "እናቴ፣ እዚህ ይረፉ" ብሎ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ እጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። እንደ ሶፋ የሚውጥ አይደለም፣ ለመነሳት የሚመች ነው። ወረቀቱ እሷ ጋ መጣ። እማዬ "ምነው፣ እኔ ታምሜያለሁ?" ብላ ዞር ዞር አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለችና እንደ ንግሥት ቀና አለች።

መዘመር የለም፣ ማጨብጨብ የለም። ክፍሉ ውስጥ አበባና አንድ ካርድ ብቻ። ካርዱ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ ትልልቅ። እማዬ መነፅሯን ሳትፈልግ አነበበችው። መነፅር እንደምታደርግ የነገርኩት ሰው የለም፤ 70 ዓመቷ ነው ስላልኩ ብቻ ያሰበችው ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

እማዬ ተኛች? ተኛች። "መኝታው ደህና ነው" አለች። በእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ጠዋት ስንገባ አልጋውን አንጥፋ፣ ፎጣዎቹን አጣጥፋ ተቀምጣለች። "ሠራተኞቹ ምን ይሉኛል?" አለችን። እሷን ማን ይቀይራታል!

እባካችሁ፣ ለወላጅ፣ ለትዳር አጋር፣ ለማንም ትልቅ ልደት ሆቴል የምትፈልጉ ከሆነ እንደዚህ ዓይነት ሰው ፈልጉ። ደውሉ። ስለ ክፍሉ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ሰውየው ንገሯቸው። ካዳመጧችሁ ያዙት፤ "ሁሉም ክፍሎቻችን ዘመናዊ ናቸው" ካሏችሁ ስልኩን ዝጉት። በሌላ ድረ ገጽ በኩል ስታስይዙ የምትጽፉት ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ዋስትና የለውም አለችኝ፤ ስለዚህ በቀጥታ ከሆቴሉ ያዙ። የክፍል ቁጥር የሚደለደለውም አብዛኛውን ጊዜ ከመድረሻው ቀን ዋዜማ ጀምሮ ነው። ዋዜማውን መልሳችሁ ደውሉ። ካርድ ላይ ስንት እንደሚይዙም ያን ጊዜ ጠይቁ፣ ከእህቴ ተማሩ። እንግዶች በሚገቡበት የከሰዓት ጊዜ ግን አትደውሉ፤ ያኔ ማንም ተረጋግቶ አያዳምጣችሁም።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። "ሥራዬ ነው" ነው መልሷ። ሆቴሉን ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ በደስታ እነግራለሁ። ያን ወንበር ያመጣውን ወጣት፣ ክፍሉን ያዘጋጁትን ሠራተኞች ሁሉ እግዜር ይስጥልን።

አንቺ ደግሞ፣ እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፦ ክበሪልን። እማዬ "75ኛዬንም እዚያው ነው፤ ያቺ ልጅ ካለች ብቻ" ብላለች። ሥራ እንዳትቀይሪ።