ኩዴሊክስ፣ ፊዮ ወይስ አይፋይ? የኪስ ብሉቱዝ አምፕሊፋየር ንጽጽር

ባለፈው ክረምት ስታዲየም አካባቢ ከአንድ ሱቅ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር እቃ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ «ሃይፋይ አምፕሊፋየር» ይላል። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው» አለኝ። እኔም ሌላ ነገር ሳልጠይቅ «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» ብዬ ከፈልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ሄድፎኔን ስሰካ፣ ገና ዘፈኑ ሳይጀምር ሽንኩርት የገባበት ዘይት የመሰለ «እስስስ» ተቀበለኝ። ቻርጀር ሰክቼ ለመስማት ስሞክር ደግሞ በእስስታው ላይ የንብ ጩኸት ተጨመረ። ድምፅ ቀረጻ ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ አገላብጦ አየና «ይቺ እኮ ለመኪና ቴፕ የምትሰካ መቀበያ ናት፤ አምፕሊፋየር አይደለችም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ማጣራት የጀመርኩት። ከብዙ መጠየቅ በኋላ ሦስት እቃዎችን በየተራ ተጠቅሜ አየሁ፦ የኮሪያውን ኩዴሊክስ 5ኬ (የራሴ)፣ የቻይናውን ፊዮ ቢቲአር7 (የሥራ ባልደረባዬ) እና የእንግሊዙን አይፋይ ጎ ብሉ (ያው ጓደኛዬ ከውጭ ያስመጣው)። ሦስቱም ሥራቸው አንድ ነው። ከስልክ በብሉቱዝ የመጣውን ድምፅ ተቀብለው፣ ዲጂታሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ቀይረው፣ ጉልበት ጨምረው ባለገመድ ሄድፎን ያስጮሃሉ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፣ ገመዱ ከደረታችሁ ላይ ይነሳል።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት ግን፣ ብዙ ሰው ይህ እቃ አያስፈልገውም። ስልካችሁ የጃክ ቀዳዳ ካለው፣ የምትሰሙትም በተራ የቻይና ኤርፎን ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ያዙ። ኤርፎን ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፤ ለውጡን አትሰሙትም። ቀዳዳ የሌለው ስልክ ይዛችሁ ከሆነም (አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 በአይፎን 7 አስወገደው፣ ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2019 በኖት 10 ተከተለ) የቻርጀር ቀዳዳው ታይፕ ሲ እስከሆነ ድረስ ቤት ቁጭ ብሎ ለመስማት የአፕል የታይፕ ሲ ማገናኛ ይበቃል። ውጭ አገር 9 ዶላር ነው፣ ባትሪ የለው፣ ቻርጅ አይፈልግ። ደኅና ባለገመድ ሄድፎን ኖሯችሁ እየተንቀሳቀሳችሁ መስማት ካማራችሁ ግን ቀጥሉ።

ሻጮች መጀመሪያ የሚጠሩላችሁ ሚሊዋት፣ ማለትም የጉልበት መለኪያው ነው። አይፋይ ጎ ብሉ በ32 ኦም (ኦም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም መለኪያ ነው) ላይ 456 ሚሊዋት፣ ፊዮ ቢቲአር7 235፣ ኩዴሊክስም ከፊዮው የሚቀራረብ። እንዲህ ሲደረደር አይፋዩ እጥፍ የሚጮህ ይመስላል። አይጮህም። ጉልበት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለው ያህል ማለት ነው። ደግሞም ቁጥሮቹ የባላንስድ ቀዳዳው (ለግራና ለቀኝ ጆሮ ለየብቻ የሆነ ሽቦ ያለው ገመድ የሚሰካበት) ናቸው፤ ሁላችንም በምናውቀው 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሚወጣው ከዚያ ያንሳል።

ስሌቱን አንዴ ብንሠራው ይሻላል። ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ለሄድፎኑ ኦም አካፍሉት። ኩዴሊክስ በተራው ጃክ የሚያወጣው 2 ቮልት ነው። በ32 ኦም ሄድፎን ላይ ይህ በስሌት ቢበዛ 125 ሚሊዋት ይሆናል፣ በ300 ኦም ላይ ግን 13 ሚሊዋት ብቻ። 13 ስትሉ አትደንግጡ። ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 300 ኦም ነው፣ በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል ይሰጣል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን 6 ይጨመርና 109 ይደርሳል። ሠራተኛ ለ8 ሰዓት እንዲሰማ የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል መሆኑን ስታስቡት፣ 109 ሰፈር የሚያስነሳ ድምፅ ነው። የእኔ ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ባለ 80 ኦሙ ነው (ባለ 32 እና ባለ 250ም አለ)፤ በኩዴሊክሱ ተራ ጃክ ከግማሽ አሳልፌው አላውቅም። ስለዚህ ከሦስቱ በአንዱም ጉልበት አያጥራችሁም፣ በሚሊዋት አትምረጡ።

ከዚያ ይልቅ መጀመሪያ ስልካችሁን እዩ። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው፣ የመጭመቂያው ዘዴም ኮዴክ ይባላል። ሁሉም እቃ የሚያውቀው ኤስቢሲ ነው፤ ጥሩ ተደርጎ ሲላክ በሰከንድ እስከ 328 ኪሎቢት ይደርሳል። አይፎን ከዚያ በላይ የሚያውቀው ኤኤሲን ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ ኤልዳክ፣ አፕትኤክስ፣ ምንም ቢጻፍ አይፎን ለያዘ ሰው ጌጥ ነው። የባልደረባዬ ታናሽ እህት ይህንን ስነግራት «ታዲያ ወንድሜ ለምን 200 ዶላር አወጣ?» አለች፤ እሱ አንድሮይድ ነው የያዘው ብዬ አዳንኩት።

ኤልዳክ የሶኒ ነው። ከአንድሮይድ 8.0 ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በስርዓቱ ውስጥ ስላለ አብዛኛው አዲስ አንድሮይድ አለው። በሦስት ደረጃ ይሠራል፦ 330፣ 660 እና 990 ኪሎቢት። ሰው ሁሉ 990ን ይመርጣል። እኔም መርጬ ነበር። ማታ ከሥራ ስወጣ ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ በእግሬ ነው የምወጣው። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ታክሲ ጠባቂው ሲበዛ ዘፈኑ መቆራረጥ ጀመረ። ስልኩ የኋላ ኪሴ ነው፣ እቃው ደረቴ ላይ። ስልኩን ወደ ፊት ኪሴ ሳዛውረው ተስተካከለ፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ እንደገና ተቆረጠ። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው የሚሄደው። የሰው ሰውነት በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ያንን ሞገድ ይውጠዋል፣ በዚያ ላይ በዙሪያችሁ ያለው ዋይፋይና ብሉቱዝ ሁሉ መንገዱን ይሻማል። 660 ላይ ካደረግኩት ወዲህ ቸርችልን አንዴም ሳይቆረጥ ወጥቼዋለሁ። ልዩነቱን በጆሮዬ ለመለየት ሞክሬ አልቻልኩም። የምንሰማው ዘፈን ከዩቲዩብ የወረደ ከሆነማ ምንጩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ160 ኪሎቢት አያልፍም። ጠባብ ቧንቧ የሚያመጣውን ውሃ በሰፊ ባልዲ መቀበል ውሃውን አያበዛውም።

ለመቀየር ሴቲንግ ገብታችሁ «አባውት ፎን» ውስጥ ቢልድ ነምበርን ሰባት ጊዜ ንኩት። የዴቨሎፐር ዝርዝር ይከፈታል፣ ኮዴኩንም የኤልዳክን ደረጃም የምትመርጡት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ። ጓደኛዬ አራት ኪሎ ያለው ቤቱ ጠራኝና ጀርባዬን ሰጥቼው እያቀያየረ አሰማኝ። ድምፁን በመሣሪያ አስተካክሎ እኩል አድርጎታል፤ አንዱ ትንሽ ከፍ ካለ ጆሮ ያንን «የተሻለ» ይለዋልና። ያስመረጥኩት የበገና ቅጂ ነበር። በገና ለእንዲህ ያለ ፈተና የሚስማማ ነው፦ ከአሥሩ ከእያንዳንዱ ጅማትና ከበርኩማው (ጅማቱ ከሚያርፍበት እንጨት) መካከል ያለችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የሚሏት፣ እያንዳንዱን ምት ታንዛርረዋለች። ደካማ አምፕሊፋየር ላይ ያ ንዝረት ይጨፈለቅና አንድ ወጥ ጉርምርምታ ይሆናል። በእነዚህ በሦስቱ ግን ጅማቱ ሲነካ፣ ቆዳው ሲነዝር፣ ከዚያ ሲሞት ለየብቻው ይሰማል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ከአሥር ጊዜ አምስቱን ነው ያገኘሁት። በዕጣ ብመርጥም ሦስት አራቱን አገኝ ነበር።

ስለዚህ የሚለያቸው አያያዛቸው ነው። ኩዴሊክስ 5ኬ ትንሹና ቀላሉ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ሸሚዝ ላይ ሲቆነጠጥ አይጎትትም። ስክሪን የለውም፣ ቁልፎቹም ጥቃቅን ስለሆኑ የመጀመሪያውን ሳምንት ድምፅ ልቀንስ ብዬ ዘፈን እዘልል ነበር። ዋናው ሀብቱ አፑ ነው። ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር አለው፦ የሚያስቸግራችሁን ድምፅ ለይታችሁ፣ ምን ያህል ስፋት እንደምትነኩ ወስናችሁ፣ ዝቅ ወይም ከፍ ታደርጋላችሁ። የእኔ ባየርዳይናሚክ የላይኛው ድምፁ ጆሮ ይወጋል፤ ማሲንቆ ስሰማ ደጋኑ ጥርሴ ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ጥቂት ዴሲቤል ቀነስኩለትና ያው ሄድፎን ሌላ ሄድፎን ሆነ። ማስተካከያው እቃው ውስጥ ስለሚቀመጥ ስልክ ብትቀይሩም ይከተላችኋል። ለእኔ ይህ አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው፣ ሲወጣ ወደ 110 ዶላር ነበር።

ፊዮ ቢቲአር7 እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሲሆን መነሻ ዋጋው 200 ዶላር ነበር። ባለቀለም ስክሪን አለው፤ የትኛው ኮዴክ እንደገባ፣ ባትሪው ስንት እንደቀረ ከኪስ አውጥቶ ማየት ይቻላል። ባትሪው 880 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ የኩዴሊክስ 500፣ የአይፋይ 450 ነው። ሰፈራችሁ መብራት የሚመላለስበት ከሆነ ይህን ልዩነት ታውቁታላችሁ። አንድ የወደድኩለት ነገር ደግሞ ቻርጅ ማጥፊያ ቁልፉ ነው፦ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ስትሰሙ ባትሪው ሳይሞላ እንዲሠራ ታደርጉታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ የሚቆይ ባትሪ ቶሎ ያረጃል። ክፋቱ ክብደቱ ነው። ወደ 70 ግራም ስለሆነ ቲሸርት ላይ ቢሰካ አንገታችሁን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ ባልደረባዬ የሚይዘው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ለሚሰማ፣ አልፎ አልፎ ለሚንቀሳቀስ ሰው ከሦስቱ ይሄ ይሻላል። ዋጋው ከበዛባችሁ ታናሽ ወንድሙ ቢቲአር13 አለ፤ በጣም ይረክሳል፣ ለብዙ ሰውም ይበቃል።

አይፋይ ጎ ብሉ ቆንጆ ነው። እንደ ሰዓት ዘውድ የሚዞር ድምፅ መጨመሪያ አለው፣ ሳያዩት በጣት ይገኛል። ቤዝ የሚጨምር ቁልፍም አለው፤ ሬጌ ለሚወድ ሰው ይጠቅማል፣ እኔ ግን ኢኳላይዘር ከለመድኩ በኋላ ቁልፉ ጨው በጭልፋ መጨመር ሆነብኝ። ክብደቱ ከኩዴሊክሱ ጋር ይቀራረባል፣ ዋጋው ግን ሲወጣ 199 ዶላር ነበር። እጅግ ብዙ ጉልበት የሚፈልግ ሄድፎን ካላችሁና የሚዞረውን ቁልፍ ከወደዳችሁት ካልሆነ በቀር ያንን ልዩነት የምከፍልበት ምክንያት አላገኘሁም።

ሦስቱም ማይክ አላቸው፣ ስልክ ማንሳት ይቻላል፤ እቃውን ወደ አፍ ካላስጠጉት ግን የወዲያኛው ሰው «ጉድጓድ ውስጥ ነህ?» ይላል።

ገመድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኩዴሊክስ ባላንስድ ቀዳዳ 2.5 ሚሊሜትር፣ የፊዮውና የአይፋዩ 4.4 ሚሊሜትር ነው። የ2.5ቱ ጃክ ቀጭን ስለሆነ ከኪስ ጋር ከተጣመመ ይሰበራል፣ ስባሪውም ውስጥ ይቀራል። እዚህ ከተማ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ሁለቱንም ገመድ አላገኘሁም። በተራው ጃክ ስሙ፤ ጉልበቱ እንደሚበቃ ከላይ ሠርተነዋል።

ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ሊቲየም ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ይያዝላችሁ። የብር ዋጋ የማልጽፈው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል። እዚሁ ከሱቅ ካገኛችሁ ሄድፎናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ምንም ሳታጫውቱ ሰክታችሁ ዝምታውን ስሙ፣ ቀጥሎ ቻርጀር ሰክታችሁ እንደገና ስሙ። ባለሱቁ «ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም» ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ጥቁር እቃ አልተጣለችም። አክስቴ ወጥ ቤት ካለው አሮጌ ቴፕ ጋር ሰካሁላት፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙር ትሰማበታለች። ቁሌቱ ምድጃ ላይ ስለሆነ የትኛው «እስስ» የማን እንደሆነ አይለይም።