ሥራ ለቃችሁ ብር ለተያዘባችሁ፦ ልደታ ያለችው ትንሿ ጽሕፈት ቤት

ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ብዙዎቹ ነገሩን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ መተየብ ይጀምራሉ። ይህችኛዋ ግን ለየት አለችብኝ። ስም የላትም፣ በሯ ላይ «ማመልከቻ፣ ውል፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሦስት ሰው ከገባ ሞላች።

እኔን እዚያ የወሰደኝ የለቀቅኩት ድርጅት ጣጣ ነው። የመጨረሻ ደሞዜንም ያልወሰድኩትን የዓመት ፈቃድ ብርም «ክሊራንስህ (ንብረት አስረክበህ ከዕዳ ነፃ መሆንህ) አላለቀም» እያሉ ያዙብኝ። ፋይናንስ ስሄድ ኤች አር ጠይቅ፣ ኤች አር ስሄድ ኃላፊው ፊልድ ወጥቷል። መቼም ታውቁታላችሁ።

ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሼ (ሁሉም እንዲህ ነው የሚላቸው) ብሶቴን ከመስማታቸው በፊት «የመልቀቂያ ማመልከቻህ ላይ ድርጅቱ መቀበሉን የሚያሳይ የገቢ ማህተም አለ?» አሉኝ። አለ። 30 ቀን አስቀድሜ ማስገባቴን ከቀኑ አዩ። ሳያስታውቅ የወጣ ሰው እስከ 30 ቀን ደሞዙ የሚደርስ ካሳ ከቀሪ ክፍያው ሊታሰብበት ስለሚችል ነው መጀመሪያ እሱን የሚያዩት። ቀጥሎ ላፕቶፑን ያስረከብኩበትን ፎርም ጠየቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ደሞዝና ተያያዥ ክፍያዎች ይከፈሉ ይላል። ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ሒሳብ መመለስ ሲያዘገይ ነው። «አስረክበህ ፈርመውልሃል፣ የኃላፊው ፊልድ መውጣት አንተን ምን አገባህ?» አሉኝ። ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት ብቻ ብሄድም አይቆጨኝም ነበር።

ከዚያ ካልኩሌተራቸውን አወጡ፣ ቁጥሮቹ የጠፉበት አሮጌ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሥራ ላይ እያላችሁ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ አይቻልም፣ ውሉ ሲቋረጥ ግን ያልወሰዳችሁት ይከፈላችኋል፤ ያልሞላው ዓመትም በሠራችሁት ልክ ይታሰባል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ አይከፈለውም የሚሉ ኤች አሮች አሉ፣ አትስሟቸው። ድርጅቱ ደሞዜን ለ30 አካፍሎ ነበር ያሰላው። ጋሼ ፈቃዱ በሥራ ቀን ስለሚቆጠር በወሩ የሥራ ቀናት ለ26 ነው መካፈል ያለበት ብለው ተከራከሩ። 13,000 ብር ደሞዝ ላይ በቀን 433 እና 500 ብር ማለት ነው፣ ቀኑ ሲበዛ ቀላል አይደለም።

የስንብት ክፍያም ጨምሩልኝ አልኳቸው። «አምስት ዓመት ሞልቶሃል?» አልሞላኝም። «እንግዲያው እርሳው።» ራሱ ለለቀቀ ሰው የሚከፈለው ቢያንስ አምስት ዓመት ሠርቶ፣ ድርጅቱ ላሠለጠነበት የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው። ሌላው ቤት ቢሆን ለማድመቅ ብለው ይጨምሩልኝ ነበር።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፣ ለቅሶ የለበትም። መጨረሻው ላይ ክፍያ በጊዜው ካልተፈጸመ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ተጨማሪ እንዲከፈል ማዘዝ እንደሚችል አስታወሱበት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዬንም ጠየቁበት፤ እሱ በነፃ ነው የሚሰጠው። የድርጅቱ መዝገብ ቤት አስገብቼ ኮፒዬ ላይ ማህተም አስመታሁ። ብዙም ሳይቆይ ፋይናንስ ራሱ ደወለ። ብሩ ገባ፣ የፈቃዱ ሒሳብ ግን አሁንም በ30 ነው። ለልዩነቱ ልክሰስ ወይስ ልተወው እያልኩ ነው።

የማይመቸኝን ልንገራችሁ። መብራት ሲጠፋ ሥራ የለም። ተየባዋ ልጅ የድርጅቱን ስም አሳስታ እንደገና ታተመ፣ ለሁለተኛው ወረቀትም አስከፈለችኝ። ደረሰኝ አይሰጡም። ፎቶ ኮፒ ጎን ካለው ሱቅ ይወደዳል፣ እዚያ አንሡ። ከሥራ ተባርራችሁ ከሆነ ደግሞ ጠበቃ ፈልጉ፣ እሳቸውም ይሄንኑ ነው የሚሏችሁ፣ ችሎት ቆመው አይከራከሩም።

የመልቀቂያችሁን ኮፒ፣ የመጨረሻ የደሞዝ ስሊፕ፣ ያስረከባችሁበትን ፎርምና የፈቃድ መጠየቂያዎቻችሁን ይዛችሁ ጠዋት ሂዱ። ደግሞ አትቆዩ፤ የክፍያ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ይባላል)፣ ኤች አር «ሰኞ ና» ስላላችሁ ብቻ አይቆምላችሁም። ስልክ አያነሡም፣ በአካል ነው።