የፊት አሞርዛቶር ጎሚኒ ማጽጃ፦ ከወራት የሰሜን ኬንያ ጉዞ በኋላ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ዕቃ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ አለው፤ ሥራውም በሞተር ሳይክሉ የፊት አሞርዛቶር ቱቦና በዘይት ጎሚኒው መካከል ገብቶ እዚያ የተቀረቀረውን ደቃቅ አሸዋ ጎትቶ ማውጣት ብቻ ነው። ለወራት ከመሣሪያ ቦርሳዬ አልተለየም፤ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻግሬ በማርሳቢት፣ በቱርካና ሐይቅ ዳርቻና በማራላል መንገዶች ስጓዝ ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቆሻሻ ያመጣውን የዘይት ፍሳሽ መንገድ ዳር ለማስቆም ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ የተቆረጠን ጎሚኒ ግን አያድንም፤ ዋናው ቁም ነገርም ሁለቱን ለይቶ ማወቁ ነው።

ከሞያሌ በማርሳቢት አድርጎ ወደ ኢሲዮሎ የሚወስደው ዋና መንገድ ዛሬ አስፋልት ስለሆነ አሞርዛቶርን እምብዛም አይፈትንም። ፈተናው የሚጀምረው ላይሳሚስ ላይ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሲታጠፍ ነው። ማመንጫው ወዳለበት ወደ ሳሪማ የሚወስደው 208 ኪሎ ሜትር መንገድ የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫን 365 ተርባይኖች ለማጓጓዝ ሲባል የተሻሻለ ቢሆንም፣ አብዛኛው ጠጠር ነው፤ በብዙ ቦታም ጠጠሩ የቤት ክዳን ቆርቆሮ መስሎ ተሸንትሯል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ አሞርዛቶሩ ያለ ዕረፍት ስለሚወጣና ስለሚወርድ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናልም፤ ቱቦው ላይ የቀረው ስስ የዘይት ወዝ አቧራውን ይይዛል፤ አቧራው የላይኛውን የአቧራ መከላከያ አልፎ ከዘይት ጎሚኒው ጠርዝ ሥር ይገባል፤ ጠርዙን በጥቂቱ ሲያነሣውም ዘይቱ መውጫ ያገኛል። የወጣው ዘይት ደግሞ ሌላ አቧራ ይጠራል።

ፍሳሽ የታየ ጊዜ ከማጽጃው በፊት የሚታየው ፍሬኑ ነው። ዘይቱ በአሞርዛቶሩ ላይ ወርዶ ዲስኩንና የፍሬን ሸራውን ከነካ፣ ሞተሩ የመቆም ኃይሉን ጨርሶ ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ ወይም በአልኮል መጥረግ፣ ዘይት የጠጣን ሸራ ደግሞ መለወጥ ግድ ይላል። ይህን ሳያደርጉ ፍሳሹን ብቻ አስቁሞ መንዳት ለእኔ ጥገና አይባልም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቱቦውንና ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የውጭው አቧራ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ የአቧራ መከላከያውን በቀጭን ካቻቢቴ ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ እያነሡ ወደ ላይ ማንሸራተት ነው፤ እዚህ ላይ የካቻቢቴው ጫፍ ቱቦውን እንዳይቧጥጥ እጅግ መጠንቀቅ ይገባል። ከዚያ የማጽጃውን መንጠቆ ከጎሚኒው ጠርዝ ሥር አስገብቶ በቱቦው ዙሪያ ማዞር፣ አውጥቶ መጥረግ፣ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስም መድገም ነው። በመጨረሻም የፊት ፍሬኑን ይዞ አሞርዛቶሩን ደጋግሞ መጫን፣ የወጣውን ዘይት ጠርጎ እንደገና መጫን ይገባል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጫን ቱቦው ደረቅ ከሆነ ሥራው አልቋል። ቀለበት መሳይ የዘይት መስመር ከተመለሰ ግን ወይ ጎሚኒው ተቀዷል ወይ ቱቦው ተጭሯል።

ሎያንጋላኒ ላይ የግራው ፍሳሽ በዚህ መንገድ ቆሞልኛል፤ በደቡብ ሆርና በባራጎይ አልፌ ማራላል እስክደርስም አልተመለሰም። የቀኙ ግን ከሰዓት ሳይሞላው እንደገና ማላብ ጀመረ። ጥፍሬን በቱቦው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሳንሸራትት ከድንጋይ ፍንጣሪ የመጣ ትንሽ ጭረት አገኘሁ፤ ቁጥር 1500 የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሼ ሹል ጠርዙን አለሰለስሁት፤ ፍሳሹ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። እዚህ ላይ ማጽጃው ያቅተዋል፤ ጎሚኒው መለወጥ አለበት።

ኬንያ ውስጥ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ባለበት ሁሉ ፉንዲ፣ ማለትም ጠጋኝ መካኒክ፣ አለ፤ ብዙዎቹም ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን ሱቆቹ የሚይዙት የትንንሾቹን ሞተሮች ጎሚኒ ስለሆነ፣ የኔን 41 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚመጥን አልተገኘም። ከቤት የያዝሁት ጥንድ ጎሚኒ ባይኖር ኖሮ ጉዞው እዚያው ያበቃ ነበር። ፉንዲው አዲሱን ጎሚኒ ያስገባው የቱቦውን ጫፍ በላስቲክ ጠቅልሎ ነው፤ ጠርዙ እንዳይቆረጥ የሚደረግ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ጎሚኒውን ወደ ቦታው የሚያስገባ መምቻ ስላልነበረው ቁራጭ የፕላስቲክ ውኃ ቧንቧ ተጠቀመ፤ በሚገባም ሠራ። የዘይቱን ከፍታ ሞላውን አውጥተን፣ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ጨቁነን፣ ከአፉ ወደ ታች በማስመሪያ ለካን፤ ሁለቱም ወገን እኩል መሆኑ ከምንም በላይ አስፈላጊ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቱርካና ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል 360 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ ማራላል ግን ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በአሞርዛቶሩ ውስጥ የታፈነው አየር ጎሚኒውን አብዝቶ ይገፋል። የአየር ማስተንፈሻ ቪቴ ያለው ሞተር ከሆነ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ማስተንፈስ ፍሳሹን በእጅጉ ይቀንሳል።

ወደ ዕቃው ስመለስ፣ ጉድለቱ የመንጠቆው ጫፍ መሳሳቱ ነው። ከወራት አገልግሎት በኋላ ተለዝቧል፤ ከሞተሩ ጎን በሙቀት የተቀመጠ ቀን ደግሞ ፕላስቲኩ ትንሽ ተጣሞ በሞቀ ውኃ ማቃናት አስፈልጎኛል። ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ጎን ተቆርጦ የተሠራ ምትክም ሞክሬአለሁ፤ ለአንድ ጊዜ ያገለግላል፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚታጠፍ አሸዋውን ከማውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል።

ለኋላው አሞርዛቶር ይህ መሣሪያ ምንም አይጠቅምም። በናይትሮጂን ጋዝ የታሸገው ዓይነት መንገድ ዳር አይከፈትም፤ ዘይት ካፈሰሰ ሻንጣን ማቅለል፣ የሞላውን ውጥረት መጨመርና በዝግታ ወደ ከተማ መግባት ብቻ ነው የሚቻለው። ለፊተኛው ግን ማጽጃውን፣ በልኩ የተገዛ ጥንድ ጎሚኒና የአቧራ መከላከያ፣ ጥቂት ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና የፍሬን ማጽጃ አብሮ መያዝን ከልቤ እመክራለሁ፤ ሁሉም ተደምሮ ከመቀመጫው ሥር ይገባል።