አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ ቤት ያሠራሁበት የጅማ ጋራዥ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከጅማ መርካቶ ወጣ ብሎ ያለው፣ ታፔላ እንኳ ያልሰቀለው ጋራዥ አሮጌ ፒክአፕን ወደ ማደሪያ ቤት በመቀየር ሥራ እምነት የሚጣልበት ነው። የብረት ሥራው በጣም ጥሩ ነው። የእንጨቱ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የኤሌክትሪኩ ሥራ ግን ደካማ ስለሆነ እሱን ሌላ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ጊዜም ይፈጃሉ፤ ለበዓል ይደርስልኛል ብላችሁ ቀን ቆርጣችሁ ከጠበቃችሁ ትበሳጫላችሁ።

መኪናዋ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት፣ ኤች ዜድ ጄ 75 የሚባለው ሞዴል። ከአንድ ፕሮጀክት በጨረታ ወጥታ እጅ ከቀያየረች በኋላ ነው እኔ ጋ የደረሰችው። ይቺን የመረጥኩት ለመልኳ አይደለም፣ ምንም እንኳ መልኳን ብወደውም። ቶዮታ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዋን ኤች ዜድ ሞተር ነው ያላት። 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ከጅማ እስከ ሚዛን፣ ከዚያም እስከ ቴፒ፣ ብትበላሽ ቦኔቷን ከፍቶ ምን እንደሆነች የሚያውቅ መካኒክ አይጠፋም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለውን አሮጌ መኪና በደንብ አድሶ መያዝ የበለጠ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ።

ጋራዡን የወደድኩት ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። እኔ የሄድኩት የቤቱን ሥዕል ይዤ፣ አልጋው እዚህ፣ ምድጃው እዚያ እያልኩ ነበር። ዋናው መካኒክ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ ወረቀቱን አዩትና መልሰው ሰጡኝ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ራሷን ትቻል፣ ቤቱን ከዚያ ትሸከማለች» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ መዶሻ ይዘው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ሻንሲውን፣ መኪናዋን ከሥር የሚሸከሙትን ረጃጅም ብረቶች፣ ከፊት እስከ ኋላ እየቆረቆሩ ያዳምጣሉ፤ ጠንካራው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከኋላ በኩል ባሌስትራው፣ ተደራራቢው የብረት ቅጠል ሞላ፣ የሚታሰርበት ቦታ ሲደርሱ ድምፁ ደነዘዘ። በመፍቻ ጫፍ ጭቃውን ሲፈቀፍቁት ጭቃ የመሰለው ግማሹ ዝገት ነበር፣ እንደ ቅርፊት እየተላጠ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ከላይ በጥቁር ቀለም ስለተሸፈነ ቆሞ የሚያይ ሰው በፍጹም አያገኘውም። ለእኔ መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት ያዩልኝ ሰዎች ሁሉ ሻንሲዋ ንጹሕ ነው ብለውኝ ነበር።

ያ ቦታ ተቆርጦ በወፍራም ብረት ተተካ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ተቀባ። የሻንሲው ውስጥ ደግሞ ቀለም ስለማይደርስበት ዘይት ረጩበት። ባሌስትራው ወርዶ ተዘረጋ፣ የተኛው ተመልሶ ቅስት እንዲይዝ ተደረገ፣ ከኋላ አንድ ቅጠል ተጨመረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ የራዲያተር ቱቦዎች በየተራ ታዩ። የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅሰው የታይሚንግ ቺንጊያም ተቀየረ። ይህን ሞተር የያዘ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ ቶዮታ ቺንጊያው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይላል፣ ከጨረታ በወጣ መኪና ላይ ደግሞ መቼ እንደተቀየረ የሚነግራችሁ የለም። ቢበጠስ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ቤቱ ሻንሲው ላይ እንዴት ይቀመጣል ወደሚለው። ብዙ ሰው አልጋና ምድጃ ላይ ነው ሐሳቡ፤ ቤቱን ግን የሚያኖረው ወይም የሚያፈርሰው ይሄ ነው። የዚህ ዓይነት ፒክአፕ ሻንሲ ሆን ተብሎ ይጣመዝ ዘንድ የተሠራ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባና ሌላው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላሉ። ፋብሪካው ጋቢናውንና የጭነት ሳጥኑን ለያይቶ የሠራውም ለዚህ ነው፤ ጭቃ መንገድ ላይ ከጎን ሆናችሁ ብታዩ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ይታያችኋል። ግትር የሆነ የብረት ቤት እዚህ ላይ በየማዕዘኑ ብትበይዱት መንገዱ ሁለቱን ይጎትታቸዋል፤ ወይ ቤቱ በበሩና በመስኮቱ ማዕዘን በኩል ይሰነጠቃል፣ ወይ ሻንሲው ራሱ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሌላ ጋራዥ ቤቱን ቀጥታ ሊበይደው ነበር ያሰበው፤ ጥንካሬውን ሲያወራልኝ ነው ጥዬ የመጣሁት።

የጅማዎቹ ግን ለቤቱ የራሱ የሆነ ሁለተኛ መቀመጫ ከአርኤችኤስ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ ከሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ሠሩለት። ይህ መቀመጫ ከኋላ በኩል ከሻንሲው ጋር በቡሎን ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ከፊት በኩል ግን በግራም በቀኝም በረጅም ቡሎንና በጠንካራ ሞላ ነው የተያዘው። ሻንሲው ሲጣመዝ ሞላው ይጨመቅና መቀመጫውን ይለቀዋል፣ ሲስተካከል መልሶ ያስቀምጠዋል። ቤቱ በዚህ ሁሉ መሃል አይጠመዘዝም። ጭነት ጫካ ለጫካ የሚያመላልሱ ትልልቅ መኪኖች ላይም ተመሳሳይ አሠራር አለ፣ ጋሼም ከዚያ እንደተማሩት ነገሩኝ።

ሲያልቅ አሳዩኝ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ከፍ አድርገው አነሱት፣ በሰያፍ ያለውን የፊት ጎማ ደግሞ ግንድ ላይ አወጡት። ከፊት በኩል በሻንሲውና በመቀመጫው መሃል አመልካች ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። ያን ጊዜ አንዱን ልጅ «በሩን ክፈት» አሉት። በሩ ያለ ምንም ግፊት ተከፈተ፣ ተዘጋም። ለእኔ ከፋብሪካ የምስክር ወረቀት ይልቅ ያ በር ይበቃኛል። እናንተም ስታሠሩ ይሄንኑ ፈተና ሳታዩ ቀሪ ክፍያ አትክፈሉ።

ክብደት ላይም አይደራደሩም። መኪናዋ ወደ አንድ ቶን ገደማ ትጭናለች። ይህ ብዙ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቤቱ ራሱ አለ፣ ሁለት ሰው አለ፣ ውኃ አለ። 80 ሊትር ውኃ 80 ኪሎ ነው። መለዋወጫ ጎማ፣ መሣሪያ፣ ምግብ፣ የናፍጣ ጀሪካን ሲጨመር ሳይታወቅ ይሞላል። በዚያ ላይ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛው ያህል ይቀንሳል፣ እኛ ደግሞ ጅማ ላይ ስንነሣ እንኳ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን። ስለዚህ የሻወር ክፍል ልጨምር ስል ጋሼ እንቢ አሉ፣ በባልዲና በሸራ መጋረጃ ውጪ እንድታጠብ አሳመኑኝ። ሥራው ሲያልቅም የቡና መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ወስደን የፊትና የኋላ ጎማዎቹን ለየብቻ መዘንን። ጅማ ውስጥ ይሄ ቀላል ነው፣ ሚዛን ያለው የቡና መጋዘን ሞልቷል። የኋላው ከፊቱ ብዙ ከከበደ መሪው ስለሚቀል የውኃው ሮቶ ከጋቢናው ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ የተደረገው ለዚህ ነው።

ግድግዳው ለመጋዘን የሚሠራበት ሳንድዊች ፓኔል ነው፣ በሁለት ስስ ቆርቆሮ መሃል ፎም ያለበት። ቅዝቃዜና ሙቀት ያግዳል፣ ዝናቡ ሲመታውም እንደ ባዶ ቆርቆሮ አያንባርቅም። እዚህ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በማዕዘኖቹ በኩል የአርኤችኤስ ብረቱ ከውጭ እስከ ውስጥ ያለ መከላከያ አልፏል። በክረምት ሌሊት ሁለት ሰው በሩን ዘግቶ ሲተነፍስ እርጥበቱ የሚያርፈው እዚያ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ነው፤ ጠዋት ፍራሹ በማዕዘኑ በኩል ረጥቦ ይገኛል። ጣሪያው ያፈስሳል ብዬ ስመልሳት ውኃ አፍስሰው ፈተሹ፣ ከላይ አንድም ጠብታ አልገባም። ከዚያ ብረቱን ከውስጥ በፎም ሸፍነው በስስ እንጨት አለበሱት፣ ጣሪያው ላይ የሚከፈት መተንፈሻ ጨመሩበት። ገንዘብ አልጠየቁም። ቢሆንም ይህን የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያውም ሊያስብበት ይገባ ነበር።

የእንጨት ሥራውን የሠሩት እዚያው ግቢ ጥግ ላይ ያሉ አናጢ ናቸው። ጅማ በወንበሯ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት፣ ያ እጅ እዚህ ቤት ውስጥም አለ። አልጋውም፣ ቁምሳጥኑም፣ የምድጃው ጠረጴዛም ዋንዛ ነው፤ ቀላል ነው፣ ብዙም አይጣመምም፣ ቀለሙም ሞቅ ያለ ነው። በጣም የወደድኩት መሳቢያዎቹን ነው። ኮረኮንች ላይ መሳቢያ እየተከፈተ ዕቃ የሚደፋው የተለመደ ችግር ነው፣ ሰውም ከውጭ የመጣ መቆለፊያ ይፈልጋል። እኚህ ሰው ግን ምንም መቆለፊያ አልገጠሙም። ከመሳቢያው ሥር፣ ከፊት በኩል፣ ትንሽ ጥርስ አውጥተው የሚያርፍበትን ጎድጓዳ በመስመሩ ላይ ቀረጹ። መሳቢያውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ካልሳባችሁት ንቅንቅ አይልም። ስትገፉት ጥርሱ ራሱ ቦታው ላይ ይወድቃል። የሚሰበር ነገር የለው፣ የሚዝግ የለው።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። የመኪናው ኤሌክትሪሺያን ፍሪጁንም መብራቱንም ከዋናው ባትሪ ላይ በስስ ሽቦ ጎትቶ ነበር፣ ፊውዙም ከባትሪው ርቆ ፍሪጁ ጋ ነው የተቀመጠው። ይህ አደገኛ ነው። በመሃል ሽቦው ተፈቅፍቆ ብረት ቢነካ እሳት ይነሣል፣ ፊውዙም አያድንም። ፊውዝ መቀመጥ ያለበት ባትሪው አጠገብ ነው። ሌሊት ፍሪጁ ዋናውን ባትሪ ጨርሶት ጠዋት ሞተር አለመነሣቱም አይቀርም፣ ያ ደግሞ ሰው የሌለበት ጫካ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሶላር የሚሠራ ሌላ ባለሙያ ጋ ወስጄ ለቤቱ ለብቻው 100 አምፒር አወር ሊቲየም ባትሪ፣ ጣሪያው ላይ ፓኔል፣ መሃል ላይ ደግሞ ከሞተሩ እየሞላ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ዕቃ አስገጠምኩ። ጋራዡ ይህን ሥራ እኛ አንችልም ቢል ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

መንገድ ላይ የሞከርኳት ወደ ቦንጋ ነው። ከጅማ በሸቤ በኩል ወጥታችሁ የበለጠን ደን አልፋችሁ ወደ ጎጀብ ስትወርዱ ፍሬኗን ታውቃላችሁ፣ ከጎጀብ ወደ ቦንጋ ስትወጡ ደግሞ ሞተሯን። ሁለቱንም አለፈች። ሽቅቡን በዝግታ ነው የምትወጣው፣ ሙቀቷ ግን ከመሃል አልተነሣም። ቁመቷ ስለጨመረ ኩርባ ላይ ትንሽ ትወዛወዛለች፤ የጎን ንፋስም ይሰማታል። ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ማታ የት እንደምታድሩ ግን መንገዱ ላይ አትወስኑት፣ ከመምሸቱ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ ሰው ያለበት ግቢ አጠገብ ብታቆሙ ይሻላል። ቦንጋ አካባቢ የጠየቅኋቸው አባት ግቢያቸውን ከፍተው ቡና አፍልተውልኛል።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፣ የብረት ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ያሳስታችኋል። ግን አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ለዕቃ ነው፣ የእጅ ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ ብለው ዝርዝር ይሰጧችኋል፣ የተረፈውንም ይመልሳሉ። የጭነት ሳጥኑ ወርዶ ቤት ሲጫን ሊብሬው ላይ ያለው የመኪናው ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል፤ ሥራው ሳይጀመር ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርቡ ቦሎ ተከልክላችሁ እንዳትጉላሉ።

መኪናዋን ስረከብ ጋሼ የነገሩኝ ነገር ለናንተም ይጠቅማል። ከመጀመሪያው ረጅም መንገድ በኋላ የመቀመጫው ቡሎኖች ሁሉ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፣ አዲስ ብረት ቦታውን እስኪይዝ ይላላል። እሳቸው በየዳዶው ላይ በነጭ ቀለም መስመር አስምረውበታል። መስመሩ ከተዛነፈ ቡሎኑ ላልቷል ማለት ነው። ከቦንጋ ስመለስ ከፊት በኩል የቀኙ ተዛንፎ አገኘሁትና እዚያው መንገድ ዳር አጠበቅሁት።