መሰላል ወይስ መረብ? ለትንሽ ትራክተር የበረዶ ሰንሰለት ስትገዙ

በረዶ በሚጥልበት አገር ትንሽ ትራክተር ያለው ወዳጅ ካላችሁ ጥያቄውን ታውቁታላችሁ። «የጎማ ሰንሰለት ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ይላል። ቀጥሎ ፎቶ ይልካል። ፎቶው ላይ ያለው ሁሌም ከሁሉም የረከሰው ነው። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ጎማችሁ ትልልቅ ጥርስ ካለው መረብ ሰንሰለት ግዙ። ከጠነከረ ብረት የተሰራውን፣ ለኋላ ጎማ ብቻ። ዋጋው ያማል። ቢሆንም ግዙ።

መሰላል የምለው ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች ኖረውት፣ በመካከላቸው አጫጭር ማቋረጫዎች ጎማውን የሚሻገሩበትን ነው። መሬት ላይ ሲዘረጋ ቁርጥ መሰላል ነው። መረቡ ላይ ግን ማቋረጫዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ሰያፍ ዓይን ይሰራሉ። መሰላሉም ሁለት ዓይነት ነው፤ በየአራት ቀለበቱ ማቋረጫ ያለው አለ፣ በየሁለት ቀለበቱ ያለው አለ። ፎቶው ላይ የማየው ባለ አራቱን ነው።

ችግሩ እዚህ ነው። የእርሻ ጎማ፣ አር-1 የሚባለው፣ ጥርሱ ሰያፍና ጥልቅ ነው። ባለ አራት ቀለበቱን ስታስሩበት ማቋረጫው ሁለት ጥርስ መሃል ይገባና እዚያው ይቀራል። ጣታችሁን ሰዳችሁ ብትዳስሱት ከጥርሱ አናት በታች ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በረዶውን የሚነካው ጎማው እንጂ ብረቱ አይደለም። ገንዘቡን ከፍላችኋል፣ ትራክተሩ ግን እንደ ድሮው ይንሸራተታል። መረቡ እንዲህ አይሰምጥም፤ ሰያፍ ዓይኑ ከጥርሱ አናት ላይ ተወጥሮ ይቀመጣል። ወደ ጎን መንሸራተትንም የሚይዘው እሱ ነው። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ይህ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል።

ጎማችሁ አር-3፣ ማለትም ለሳር ሜዳ የተሰራው ጥርሰ አጭር ከሆነ ነገሩ ይለያል። ባለ ሁለት ቀለበት መሰላል በቂ ነው፤ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ባለ አራቱን ግን እዚህም አልመክርም። በማቋረጫና በማቋረጫ መሃል ጎማው እየወደቀ እየተነሳ ስለሚሄድ ወገብ ይፈጃል። አር-4፣ ሰፊው የኢንዱስትሪ ጎማ ያላችሁ ደግሞ ያለ ሰንሰለት አትድከሙ። ጠንካራ ጎማ ነው፤ በረዶ ላይ ደካማ ነው። ለሱም መረብ።

አሁን ወደ ዋጋው። ባለ አራት ቀለበቱን አንድ ብላችሁ ያዙት። ባለ ሁለቱ፣ ማቋረጫው በእጥፍ ስለሚበዛ፣ አንድ ተኩል ገደማ ይሄዳል። ጥሩ መረብ ከሁለት ይጀምርና ሶስትም ሊደርስ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወደ ርካሹ ይመለሳል። ከመመለሳችሁ በፊት ክብደቱን ጠይቁ። ሰንሰለት ብረት ነው፤ ዋጋውን ለኪሎው አካፍሉት። ልዩነቱ ጠበብ እያለ ይመጣል፤ ርካሹ የረከሰው ግማሹ ብረት ስለሌለው ነው። ሻጩ ክብደቱን ካልነገራችሁ እለፉት።

ማጓጓዣውንም ደምሩ። ይህ ከባድ ዕቃ ነው። «ማጓጓዣ በነጻ» የሚለው መምጫውን ብቻ ነው፤ ልኩ ካልሆነ የመመለሻውን የምትከፍሉት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስለዚህ በትራክተሩ ሞዴል አትዘዙ። አንዱ ሞዴል በተለያየ ጎማ ይሸጣል። ከጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን፣ ለምሳሌ 11.2-24 የሚለውን፣ እንዳለ ገልብጡና በሱ እዘዙ።

አንድ ወዳጄ ምክሬን ሰምቶ፣ ግን «ያው መረብ ነው» ብሎ በግማሽ ዋጋ ገዛ። ሲያዩት ያምራል፤ ያብለጨልጫል። ክረምቱ ሳይጋመስ ማቋረጫዎቹ ሳስተው ሳስተው ቀጠኑ፣ አንዱ ተበጠሰ። የተበጠሰው ጫፍ ጎማው በዞረ ቁጥር ፓራፋንጎውን ይደበድብ ነበር። እሱ በረዶ መጥረጉን ቀጠለ፤ ድምጹን ሰምቶ እስኪወርድ ፓራፋንጎው ተቀጥቅጦ አልቋል። የማስተካከያው ሂሳብ በሁለቱ ሰንሰለቶች መካከል የነበረውን ልዩነት በልቶ አለፈ። ሻጩን ቢጠይቀው «አጠቃቀም ነው» አለው።

ፎርጅዱን መለየት ይቻላል። ሞረድ ያዙ። ከማቋረጫው አንድ ቀለበት ላይ በስሱ ሞክሩ፤ የጎኑ ሰንሰለት ላይ አይደለም፣ እሱ መሬት ስለማይነካ ጥሩ ፋብሪካም ላያጠነክረው ይችላል። የጠነከረ ብረት ላይ ሞረዱ ሸርተት ይላል። ለስላሳው ላይ ይነክሳል፤ የብረት ብናኝ ጣታችሁ ላይ ይቀራል። የነከሰ ከሆነ፣ ማብለጭለጩ ከላይ የተቀባ ዚንክ እንጂ ጥንካሬ አይደለም። ቀጥሎ ካሊፐር፣ ማለትም የውፍረት መለኪያው። 8 ሚሊ ተብሎ የተሸጠ ቀለበት 7 ሚሊ ከሆነ አንድ ሚሊ ብቻ የጎደለ ይመስላል። በክቡ ስፋት ሲሰላ ግን ከብረቱ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጎድሏል። የእያንዳንዱን ቀለበት ብየዳም እዩ። ቀዳዳ ወይም የተዛነፈ ጫፍ ካለ ከዚያ ነው የሚለቅቀው።

ጥገና ላይ ለመሰላሉ ሐቁን ልስጠው፤ ይቀለዋል። ማቋረጫው ለብቻው ይሸጣል። መንጠቆውን ከፍቶ፣ አዲሱን አስገብቶ በመዶሻ መዝጋት ነው። መረቡ ላይ የተበጠሰች ቀለበት በመጠገኛ ቀለበት ትተካለች፤ ግን ሁለት ሶስት ቦታ ከተበጠሰ በኋላ ዕድሜው እያለቀ ነው። በሁለቱም ላይ ብየዳ ቤት አትውሰዱት። የጠነከረ ብረት ሲበየድ ጥንካሬው ይለቅቃል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ይሰበራል። ርካሽ ጥገና መስሏችሁ ሰንሰለቱን ታጠፉታላችሁ።

«አራቱንም ጎማ ላስር?» የሚልም አይጠፋም። ሂሳቡ እጥፍ ሊሆን ነው፣ ረጋ በሉ። አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ የምትገዙት ለኋላ ይሁን። የፊቱ ላይ ብቻ ካሰራችሁ ቁልቁለት ላይ የኋላው ዞሮ ሊቀድማችሁ ይችላል። ፊት ለማሰር ከወሰናችሁ መጀመሪያ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሩና፣ የፊት አክስሉ በአንድ ወገን ከፍ ሲል ሰንሰለቱ የሎደሩን፣ ማለትም ከፊት የሚገጠመውን የባልዲ ማንሻ፣ ክንድ ወይም የሃይድሮሊክ ቱቦውን እንደማይነካ እዩ። የተቀደደ የሃይድሮሊክ ቱቦ በብርድ መሃል መቀየር ለማንም አልመኝም። የኋላውም ቢሆን ከፓራፋንጎው ጋር ያለውን ክፍተት ለኩ። ከጠበበ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ስፔሰር አለ፤ እሱም ዋጋ ነው፣ አስቀድማችሁ ደምሩት።

ከሰንሰለቱ በፊት ደግሞ ክብደት። ቀላል ትራክተር ላይ ሰንሰለት ቢታሰር የሚጫነው ነገር ከሌለ አይነክስም። የኋላ ጎማ ውስጥ ፈሳሽ ማስሞላት ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ነው። ጎማው አየር መሙያው ከላይ በኩል እንዲሆን ዞሮ፣ እስከዚያው ከፍታ ሲሞላ 75 በመቶ ያህል ይሆናል። 11.2-24 ጎማ በዚህ ብቻ ከ100 ኪሎ በላይ ይጨምራል። ከስኳር ቀይስር የሚሰራው ፈሳሽ በሊትር 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቸርኬ አይበላም። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው የተሟሟበት ውሃ ይረክሳል፣ ግን ሲያፈስ ቸርኬውን ያዝገዋል። ንጹህ ውሃ በፍጹም፤ ይረጋል።

በረዶው ጠጥሮ እንደ መስታወት ለሚሆንባችሁ ማቋረጫው ላይ የተበየደ ሹል ብረት ያለውን መምረጥ ይቻላል። በደንብ ይነክሳል። አስፋልትና የኮንክሪት ንጣፍንም እንደዚያው ይነክሳል። ግቢያችሁ የተነጠፈ ከሆነ ሹል የሌለውን መረብ ያዙ፤ በዝግታ ንዱ፣ ጎማውን ባዶውን አታሽከርክሩ። ጎማው ጥርስ ላይ የሚጠመዘዝ ካርባይድ ሚስማርም አለ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ጥልቅ በረዶ ላይ ግን ከሰንሰለት ጋር አይወዳደርም።

ስታስሩ የመንጠቆዎቹ ክፍት አፍ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ የጎማውን ጎን ይቆርጣል። በእጅ የቻላችሁትን ያህል ወጥሩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ንዱ፣ ውረዱና እንደገና ወጥሩ። ሁለተኛውን ውጥረት የሚዘል ብዙ ነው፤ የላላ ሰንሰለት ሲመታ ራሱንም ይበላል። ቁልቁለት ላይ ፎር ዊሉን አትፍቱ። ብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን ያላቸው ኋላ ብቻ ነው፤ ፊተኛው ጎማ የሚያግዘው ፎር ዊሉ ሲገባ ነው። የሎደሩ ባልዲም ዝቅ ይበል፤ ሞልቶ ከፍ ካለ የኋላው ይቀልላል።

በረዶው ሲያበቃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት አስነክታችሁ ስቀሉት። ከመስቀላችሁ በፊት ካሊፐሩን አምጡ። ማቋረጫው ከነበረው ውፍረት ግማሹ ካለቀ ለሚቀጥለው ክረምት አታስቡት። አዲሱን በበጋ እዘዙ፤ በረዶ ከጣለ በኋላ ዋጋውም ይጨምራል፣ ልካችሁም ያልቃል።