ሪሃብ ካለቀ በኋላ ማን ይጠብቀኛል? ከአንድ የልብ አፕ ጋር 10 ወር

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሃርት አታክ ያዘኝ። ሁለት ስቴንት፣ የልብን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ገባልኝ። ሐኪሜ ከሆስፒታል ሲያስወጣኝ ከመድኃኒቱ ጋር የልብ ሪሃብ፣ ማለትም ልብን ለማጠንከር በባለሙያ ክትትል የሚሠራ እንቅስቃሴ፣ አዘዘልኝ። እዚህ አሜሪካ ሜዲኬር፣ ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ እንደኔ ላለ ሰው እስከ 36 ጊዜ ይሸፍናል። እኔም ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እየተነሳሁ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት ተመላለስኩ። አንድም ቀን አልቀረሁም።

ያልቀረሁት የሚጠብቀኝ ሰው ስለነበረ ነው። ገና ስገባ ደረቴ ላይ ሽቦ ይለጥፉልኛል። ትሬድሚል ላይ ስወጣ አንዷ ባለሙያ አጠገቤ ትቆማለች፣ ሌላው ልቤን በስክሪን ያያል። አስር ደቂቃ ካረፈድኩ ስልኬ ይጮሃል። በ36ኛው ቀን አጨበጨቡልኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ተቃቅፈን ተለያየን። በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሚጠብቀኝ የለም። ያን ቀን አልወጣሁም።

ስለ ሪሃብ የሚያወራ ሰው ይህን ጠዋት አያወራም። እኔ ግን ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ልብ በ12 ሳምንት የሚያገኘው ጉልበት ካልሠሩበት ተመልሶ ይሄዳል። አብረን ከጨረስነው ስድስት ሰዎች ሦስቱ የገና በዓል ሳይደርስ እንቅስቃሴውን ትተውት ነበር። ሰነፎች ሆነው አይደለም። በማዕከሉ ለመቀጠል ከኪስ መክፈል ያስፈልጋል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው።

ማዕከሉ ለጨረሱ ሰዎች የሚሰጠው አፕ አለ። ስሙን አልጠቅስም፤ የሚሰጠው ለራሱ ታካሚዎች ብቻ ስለሆነ ፈልጋችሁም አታገኙትም። ነገር ግን ተመሳሳዩ ብዙ ነው፣ የኔ ልምድ ለሌላውም ይሠራል ብዬ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያውን ስድስት ወር ማዕከሉ ከፈለልኝ። ከዚያ ወዲህ በወር 12 ዶላር ከኪሴ እከፍላለሁ። ከስልኬና እጄ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ይገናኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠዋት በመረጥኩት ሰዓት እጄን ነካ ነካ ያደርገኛል። ልጀምር ስል ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ደረትህን ያምሃል? ያዞርሃል? ትንፋሽ ያጥርሃል? አንዱን አዎ ካልኩ አያስጀምረኝም። ደረቴን ካልኩት ወደ 911፣ ወደ አሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ የሚደውል ቁልፍ ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል። ሁሉም ደህና ከሆነ ስምንት ደቂቃ ያሟሙቀኛል፤ ይህን መዝለል አይቻልም። ከዚያ ዋናው እርምጃ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ማብረድ። መዝለል አለመቻሉ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን ከሁሉም በላይ የምወድለት ይህን ነው፤ በሪሃብ ደጋግመው የነገሩን ልብን በድንገት አታስነሱት፣ በድንገትም አታቁሙት የሚለውን ነበርና።

ስለ ልብ ምት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔ ሜቶፕሮሎል እወስዳለሁ። ቤታ ብሎከር ነው፣ ልብ ከመጠን በላይ እንዳይሮጥ ልጓም ያደርግበታል። ስለዚህ ላቤ ጠብ እያለ ሰዓቴ 96 ይለኛል። ሰዓቱ ውስጥ አብሮት የመጣው የስፖርት ፕሮግራም ደግሞ ይህን አይቶ “በርታ፣ ጨምር” ይለኝ ነበር። የሚያሰላው 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚባለው ቀመር ነው። ዕድሜዬ 66 ነው፣ 154 ይመጣል፤ የሚሰጠኝም ግብ ከዚያ ተነስቶ ነው። ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው ያንን ቁጥር ላሳድድ ቢል ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ሰዓት ገዝታችሁ ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ የምትሰጡ ልጆች ይህን እወቁልኝ። ግባቸውን ሐኪም ወይም የሪሃብ ባለሙያ ይንገራቸው፣ ሰዓቱ አይንገራቸው።

የኔ አፕ ይህን በደንብ ይዞታል። የልብ ምቴን ገደብ ባለሙያዋ ራሷ አስገብታልኛለች፤ መድኃኒቴን ወስጄ ትሬድሚል ላይ ከተሠራልኝ ምርመራ የወጣ ቁጥር ነው። ከዚህም በላይ፣ እንቅስቃሴ በጨረስኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ ምን ያህል ከበደህ? መልሱ ከ6 እስከ 20 ያለ ቁጥር ነው። ይህን መለኪያ ያወጣው ጉናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ከ6 መጀመሩ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ግን አለው። ቁጥሩን በ10 ብታበዙት የአንድ ጤነኛ ወጣት የልብ ምት አካባቢ ይመጣል። 6 ሲያርፍ 60፣ 20 ሲሮጥ 200 መሆኑ ነው። ለኛ ለልብ ሕመምተኞች ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ክልል ከ11 እስከ 14 ነው።

አፑ አማርኛ የለውም። “በመጠኑ ከባድ” ማለት ለኔ ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ አልገባኝ አለ። አንድ ቅዳሜ ልጄ እቤት መጣች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥንና በራሳችን ቋንቋ ጻፍነው። እስከ ዛሬ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። 9፦ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ከሰው ጋር እያወራሁ የምሄደው። 11፦ ቡና ተፈልቷል ተብዬ ስጠራ የምሄደው። 13፦ አውቶቡሱ ቆሟል፣ እደርስበታለሁ፣ ግን አልሮጥም። 14፦ አንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፣ ሁለተኛው ይቆራረጣል። 16፦ ዳገት ላይ ሆኜ ሰው ሰላም ሲለኝ በእጄ ብቻ የምመልሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥሩን ስሰጥ አልዋሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አፑ ውስጥ ሰው ነበር። የማዕከሉ ባለሙያ በየሳምንቱ ሰኞ የኔን ቁጥሮች አይታ አጭር መልእክት ትጽፍልኛለች። አንድ ሰኞ እንዲህ አለችኝ፦ “ማክሰኞና ሐሙስ ሁልጊዜ 15 ትላለህ። በሌሎቹ ቀናት 12 ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ምን አለ?”

አሰብኩት። ማክሰኞና ሐሙስ የልጅ ልጄን አድርሼ የምመለሰው በሜትሮ ባቡር ነው፣ በዊተን ጣቢያ። እዚያ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ 230 ጫማ ይረዝማል፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ነው። ሁሉም በቀኝ ቆሞ ይወጣል። እኔ በግራ በኩል በእግሬ እወጣው ነበር፣ ሳላሟሙቅ፣ ጠዋት ከእግር ጉዞዬ ሌላ። ለልቤ ጥሩ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር። እሷ አላስቆመችኝም። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ተራመድ፣ ከዚያ እስከ ግማሽ ድረስ በእግርህ ውጣ፣ ቀሪውን ቆመህ ጨርስ አለችኝ። በሁለት ወር ሙሉውን በ13 ወጣሁት።

ያ የማክሰኞና የሐሙስ 15 ለሦስት ሳምንት አፑ ውስጥ ነበር። አረንጓዴ ምልክት እየሰጠኝ ነበር። “ምን አለ?” ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነው።

በሚያዝያ ስድስት ወሩ አለቀ። የሰኞው መልእክት ቆመ። በሱ ፈንታ አፑ ራሱ መጻፍ ጀመረ፤ ኮከብ ያለበት፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ “ናፍቀኸናል” የሚል ዓይነት ነገር። በአንድ ወር ውስጥ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ወረድኩ። አፑ አልተለወጠም፣ መንገዱም ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። ልዩነቱ የሚያየኝ ሰው አለመኖሩ ነበር።

መፍትሔው እዚያው አፕ ውስጥ ተደብቆ ነበር የተገኘው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ሁለት ሰው እንዲያይላችሁ መፍቀድ ትችላላችሁ። እኔ ልጄንና ሪሃብ አብረን የጨረስን አንድ ጋሼን አስገባሁ። ጋሼ ከኔ በስድስት ዓመት ይበልጣሉ። እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካልወጣሁ ልጄ ትደውላለች፦ “አባዬ፣ ዛሬ አልወጣህም እንዴ?” ጋሼ ደግሞ አይደውሉም፤ ራሳቸው በር ላይ ይመጣሉ። ቅዳሜና እሁድ ስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ ለመኪና ሲዘጋ አስፋልቱ መሐል ጎን ለጎን እንሄዳለን። እያወራን ስለምንሄድ ከ12 አናልፍም። በሦስት ሳምንት ወደ አምስት ቀን ተመለስኩ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በሳምንት 150 ደቂቃ ይላል፤ ባለፉት ሁለት ወራት አንድ ሳምንት ብቻ ነው የጎደለብኝ።

ቅሬታዎቼንም ልናገር። ትልቁ የአዲስ አበባው ነው። ለገና ሦስት ሳምንት ሄጄ ነበር፣ ሐኪሜ ፈቅዶልኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ልብ ለተመሳሳይ ሥራ በብዛት ይመታል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ያው የምታውቁት የቸርችል ጎዳና ዳገት፣ 15 ደረስኩ፣ ቆሜ አረፍኩ። አፑ የሚያየው ፍጥነቴ መቀነሱን ብቻ ነው። “በዚህ ሳምንት ቀንሰሃል፣ ጨምር” አለኝ። ያለሁበትን ቦታ ያውቃል፣ ከፍታውን ግን አያስብም። አገር ቤት የምትሄዱ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት የአፑን ምክር ትታችሁ ትንፋሻችሁን ስሙ።

ሁለተኛው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የንስሐ አባቴ መድኃኒቴን በሰዓቱ ከምግብ ጋር እንድወስድ ስለነገሩኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቆየሁም፤ የሚቆዩ ጓደኞቼ ግን አሉ፣ ለነሱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነስ ተራመድ ማለት ትክክል አይደለም። አፑ ሰዓቱን ለአንድ ሰሞን ለማዛወር በየቀኑ እንድቀይር ያስገድደኛል። የስቅለት ዕለት ደግሞ ስሰግድ ሰዓቱ “እንቅስቃሴ ጀምረሃል ወይ?” ብሎ ጠየቀኝ። ስግደት እውነትም እንቅስቃሴ ነው፣ ከባድ። የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ጎንበስ ቀና ማለቱ ያዞራል። አስቀድሜ ባለሙያዋን ጠይቄያት ስለነበር በዝግታ፣ ጥቂት ሰግጄ ቀሪውን ቆሜ ጸለይኩ።

ሌላው ቀላል ነው። ሱቅ ውስጥ ጋሪ ስገፋ፣ ትሬድሚል ላይም እጀታውን ስይዝ እርምጃዬን አይቆጥርም፤ እጄ ስለማይንቀሳቀስ ነው። ክረምት ላይ እጄ ሲቀዘቅዝ የልብ ምቱ ይዘባርቃል። ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ማጥበቅ ይረዳል። በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል።

አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ። ሰዓት የልብን ምት ያያል፣ የተዘጋ የደም ሥር አያይም። አንድ የማውቀው ሰው ደረቱን እያመመው “ሰዓቴ ደህና ነህ አለኝ” ብሎ ሲጠብቅ አደረ። ደረት ካመመ ሰዓት አይታይም፤ 911 ይደወላል።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ፦ ሪሃብ ስጨርስ በስድስት ደቂቃ 420 ሜትር እሄድ ነበር። ባለፈው ወር ማዕከሉ ሄጄ ተለካሁ፣ 465 ሆኗል። የለካችኝ ያቺው የሰኞዋ ባለሙያ ናት። ከሥራ ሰዓቷ ውጭ እንደማትጽፍልኝ አውቃለሁ፣ ቅር አላለኝም። የፍሪጁን ወረቀት ፎቶ አሳየኋት፤ ቁጥር በቁጥር ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። 13 ላይ ስንደርስ አውቶቡሱን ይዘኸው ታውቃለህ ወይ አለችኝ። አዎ፣ አልኳት፣ ብዙ ጊዜ።

ለቀጣዩ ስድስት ወር ከፍያለሁ። ጋሼም የወረቀቱን ኮፒ ጠይቀውኛል። የሳቸው 16 ከኔ ስለሚለይ አብረን እየቀየርነው ነው።