ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? የማረፊያ ቤት ለሚሠራ ሰው የአየር ጠባይ ንጽጽር

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የወረደ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮምቦልቻ ሲደርስ የለበሰው ካፖርት ይከብደዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል የአራት ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል። አራት ዲግሪ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ቤት ለሚሠራ ሰው ግን የመስኮቱን አቅጣጫና የጣሪያውን አሠራር ይወስናል።

አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር እየኖሩ በትውልድ አካባቢያቸው የማረፊያ ቤት ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች አስተያየት ሲጠይቁኝ፣ እኔ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ቤቱ በየትኞቹ ወራት እንደሚከፈት ነው። መኖሪያ ቤት በየቀኑ እሳት ይነድበታል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ አሸንዳው ሲደፈን የሚያይ ሰው አለ። የማረፊያ ቤት ግን ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ተዘግቶ ስለሚከርም፣ የአየሩ ጠባይ የሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ማንም ሳያየው ይጠራቀማል።

የደሴን ጠባይ በሚገባ የተረዳሁት በአንድ ዘመዴ ቤት ነው። ቤቱ ከግንቦት ጀምሮ ተዘግቶ ቆይቶ በነሐሴ አጋማሽ ስንከፍተው፣ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የቆመው ቁምሳጥን ጀርባው ሙሉ በሙሉ ግራጫ ሻጋታ ለብሶ አገኘነው፤ ውስጡ ታጥፎ የተቀመጠው ጋቢም እጥፋቱ ላይ ጠቋቁሮ፣ ታጥቦና ፀሐይ ላይ ውሎ እንኳ ሽታው አልለቀቀም። ጣሪያው አያፈስም ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከብሎኬቱ ግድግዳ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋን ሲሸፍን ግድግዳው እየቀዘቀዘ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ያለውን እርጥበት ወደ ጠብታ ለወጠው። ስለዚህ ደሴ ላይ የሚሠራ ሰው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ በታችና ከወለሉ በላይ፣ በወንፊት የተሸፈኑ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎች እንዲተውለት ግንበኛውን አስቀድሞ ማሳሰብ አለበት። ቁምሳጥንና አልጋም ከውጭ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቁ። በወር ሁለት ጊዜ መስኮት የሚከፍት ጠባቂ ማግኘት ካልተቻለ፣ እኔ በበኩሌ ደሴ ላይ የማረፊያ ቤት እንዲሠራ አልመክርም።

የደሴ ሌላው ጉዳይ ፀሐይ ነው። ከተማዋ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መካከል የተዘረጋች በመሆኗ፣ ከተራራው ግርጌ የተጠጋ ቦታ ከሰዓት በኋላ ቀድሞ ጥላ ይውጠዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ የቀኑ ሙቀት ማታ በፍጥነት ሲተን ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ እየወረደ ይተኛል፤ ረባዳ ቦታ ላይ ጠዋት ውርጭ ሲታይ፣ ከዚያው በላይ ያለው ተዳፋት ሊድን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አዘንብላ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ ሳሎኑንና የአዛውንቶችን መኝታ ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው በብርዱ ወራት ያለ ወጪ የሚሞቅ ክፍል ያገኛል። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ተሻግራ አናት ላይ ስለምትሆን፣ ያው የደቡብ መስኮት አያስቸግርም።

ተዳፋቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በደሴ ዙሪያ የመሬት መንሸራተት የታወቀ ችግር ነው፤ ክረምት ላይ ውኃ የጠገበ ሸክላማ አፈር ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፣ ከሥሩ ባለው ዐለት ላይም ይንሸራተታል። ቦታ ሲያዩ የተጋደሙ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን፣ ግንዳቸው ከሥሩ የታጠፈ ዛፎችን፣ በጎረቤት አጥር ላይ በሰያፍ የወጡ ስንጥቆችን መፈለግ ያስፈልጋል። የድጋፍ ግንብ የግድ ከሆነ፣ ከጀርባው ጠጠር ተሞልቶ በግንቡ ውስጥ የውኃ ማውጫ ቱቦ ይቀመጥለት፤ መውጫ ያጣ ውኃ ወፍራሙን የድንጋይ ግንብ ሳይቀር ይገፋዋል።

ኮምቦልቻ ሲወርዱ ጭንቀቱ ይለወጣል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህ ለኑሮ የሚከብድ ባይሆንም፣ ያለ ኮርኒስ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ግን ከሰዓት በኋላ ሰው አያስቀምጥም። ሙቀቱ በብዛት የሚገባው ከጣሪያውና ከምዕራቡ ግድግዳ በኩል ነው። ማታ ወደ መጥለቂያዋ የምታዘቀዝቀው ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመታ ጣሪያውን ወደ ውጭ ማስረዘም ብቻ ምዕራቡን አያድነውም፤ በዚያ በኩል መታጠቢያ ቤትና ዕቃ ቤት ቢደረደሩ፣ ወይም ሰፊ በረንዳና ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ቢኖር ይሻላል። መኝታ ቤት በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ሁለት መስኮት ካለው የሌሊቱ አየር ያቀዘቅዘዋል፤ የኮምቦልቻ ሌሊት እንደ ቆላ ሌሊት አያፍንም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ እንዲያውም ብርድ ልብስ ያስፈልጋል።

ገዢን የሚያታልለው ግን የኮምቦልቻ ሜዳነት ነው። ሜዳ መሬት ቆፍሮ ማስተካከል ስለማይፈልግ ርካሽ ይመስላል፤ በቦርከና ወንዝ ሜዳ ላይ ግን መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በብዙ ቦታ ይገኛል። በአንድ የጥር ወር ልገዛው ያሰብኩትን ቦታ ለማየት ሄጄ፣ መሬቱ ላይ ከተከፈቱት ስንጥቆች በአንዱ እጄን እስከ አንጓዬ አስገብቼ ታቹን አላገኘሁትም። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ ቤቱንም በየዓመቱ አንሥቶ ያስቀምጠዋል። ውጤቱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሣ ሰያፍ ስንጥቅ፣ የማይዘጋ በር፣ የሚላቀቅ የወለል ንጣፍ ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ጥቁሩ አፈር ስስ ከሆነ ጨርሶ ይወጣና ቦታው በሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም ውኃ ሲጠጣ በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ይሞላል፣ ጥልቅ ከሆነ መሠረቱ ከሥሩ እስካለው ጠንካራ መሬት ድረስ ይወርድና በብረት በተያዘ ቢም ይታሰራል። ይህ ሥራ የመሠረቱን ወጪ ስለሚያንረው፣ የቦታው ዋጋ ከመነገሩ በፊት የአፈር ምርመራ ማስደረግ ይገባል። በዚያ ላይ ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ጎርፍና ቦርከና ራሱ ክረምት ላይ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ይታያልና፣ ወለሉ ከአካባቢው መሬት ከፍ ብሎ መሠራት አለበት።

ስለ ወባም አንድ ቃል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ስለሆነ ኮምቦልቻ ውስጡ ትገባለች፣ ደሴ አትገባም። የመስኮት ወንፊትና የአልጋ አጎበር ኮምቦልቻ ላይ ከቤቱ ዕቅድ ጋር የሚታሰቡ ናቸው፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው።

ጣሪያና ውኃ በሁለቱም ከተሞች ብዙ አይለያዩም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት አካባቢ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት፣ ከሚፈሰውና ከሚተነው የተረፈውን ብቻ ቢይዝ እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሊትር ይሰበስባል። አሸንዳና ሮቶ ከመጀመሪያው ይታሰቡ። በረዶ ስለሚጥል ስስ ቆርቆሮ መምረጥ አያዋጣም፤ የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ የሆነው ጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራልና፣ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል፣ ይበረክታልም።

በቤቱ የሚያድረው ሰው ማንነትም መታየት አለበት። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከጂቡቲ ወይም ከጅዳ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ወላጆች የሚያርፉበት ቤት ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ ደሴን መምረጥ ተገቢ አይመስለኝም። ጉልበታቸውን ብርድ የሚቆረጥማቸው እናቶችም ኮምቦልቻን ይወዳሉ።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ለገናና ለጥምቀት የሚመጣ፣ ቀሪውን ዓመት ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው መሠረቱ ላይ ገንዘብ ለማውጣት ከቆረጠ ኮምቦልቻ ይሥራ፤ ደረቁ አየር የተዘጋ ቤትን አይጎዳም፣ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ከበረሃ ሙቀት ሸሽቶ በሚያዝያና በግንቦት የሚመጣ፣ ቤቱን የሚከፍትለት ዘመድም ያለው ሰው ደግሞ ደሴ ላይ ከፍ ያለ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ዐለት የቀረበበት ቦታ ቢያገኝ ሌላ አያምረውም። የክረምት ዕረፍትን ከልጆች ጋር ለማሳለፍ የሚያስብ ግን፣ ደሴ በጉም፣ ሐረጎም በጭጋግ የሚሸፈኑባቸው ወራት መሆናቸውን አውቆ ይግባበት።

የግንባታው ጊዜ በሁለቱም ቦታ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ወሎ የበልግ ዝናብ ስላለው በመጋቢት የተከፈተ የመሠረት ጉድጓድ ውኃ ሊሞላበት ይችላል። ኮምቦልቻ ላይ የተሞላ አርማታ ቶሎ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ደሴ ላይ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሙሌቱ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ ረፋዱ ላይ ይጀመር። ቦታውን ከመግዛት በፊት ሁለት ጊዜ ማየት የግድ ነው፤ አንዴ በነሐሴ ከከባድ ዝናብ ማግስት ውኃው በየት እንደሄደ ለማየት፣ አንዴ በጥር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደደረሰና መሬቱ ምን ያህል እንደተሰነጠቀ ለማየት።